ካሴቱ ተበላሽቷል ያልኩ ቀን

ሥራዬን የተውኩት እጄ ተንቀጥቅጦ ወይም ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ልጆቼ "እማዬ በቃሽ" ማለት ከጀመሩማ ስንት ዘመናቸው! የተውኩት ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ሰው ሳሎን፣ ወንበሬን አዙሬ በተቀመጥኩባት ቅጽበት ነው። ወራት አልፈዋል፤ ድንጋጤው ግን አሁንም ከላዬ አልለቀቀም። ፊቴን ስታጠብ፣ ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት፣ እንዲሁ በባዶ ሜዳ ክው እላለሁ። ለማንም በቅጡ ተናግሬው ስለማላውቅ፣ የልጅ ልጄ ጽፋ ከጨረሰችው ደብተር በተረፈው ገጽ ላይ በራሴ እጅ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ ስለማላውቅ ፊደሌ ጎርበጥ ቢል አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

"የሬዲዮዋ ትብለጥ" ነው የምባለው። አያት ሆኜም ገበያ መሃል "እማማ ሬዲዮ!" ብሎ የሚጣራ አይጠፋም። ደብረ ብርሃን፣ ደነባ፣ መዘዞ፣ ሰላ ድንጋይ፣ አንኮበር፤ ካቻቢቴዬንና የብየዳ ብረቴን በከረጢት አንግቤ ያልዞርኩበት የለም። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "እኔ ሚስት አገባሁ ብዬ ለካ መንገደኛ ነው ያገባሁት" ይለኝ ነበር።

ወደ ሙያው የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ሱቃቸው አንድ በር ብቻ ያላት ጠባብ ቤት ናት። የተቀጠርኩት ልጠርግና ውሃ ልቀዳ ነበር። ስጠርግ የወዳደቁትን ብሎኖች እየለቀምኩ፣ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ በጣሳ ክዳን ላይ እለያለሁ። አንድ ቀን አዩና፣

"ይኼን ማን ለየው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። አጠፋሁ?"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ተደበላልቀው ሳይ ሆዴን ይረብሸኛል።"

ሳቁ። "በይ መጥረጊያውን አስቀምጪና እዚህ ቁጭ በይ። እኔ የምፈልገው ሆዱን የሚረብሸው ሰው ነው።"

ፊደል ያስቆጠሩኝ ጠረጴዛው ላይ በሚነጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ያሉትን ቀለበት ቀለበት የተቀቡ ትናንሽ ዕቃዎች ግን በጥልፍ ክር ቀለም ቶሎ ያዝኳቸው። ቡናማ፣ ቀይ፣ ብርቱካን፤ ጥልፍ የምታውቅ ሴት ቀለም አታደባልቅም። እሳቸውም ይኼን ሲያዩ "እኔ ስንት ዘመን የፈጀሁበትን!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የጋሽ መኩሪያ ትልቁ ልማዳቸው አለመቸኮላቸው ነበር። ዕቃ ሲመጣላቸው አይከፍቱትም። ባለቤቱን ዱካው ላይ፣ በርጩማዋ ላይ ማለቴ ነው፣ ያስቀምጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "ምን ይሰማሃል?" ይሉታል። ሰውዬው ስለ ሬዲዮው ጀምሮ ስለ እህቱ ሠርግ ቢጨርስ እንኳ አያቋርጡትም። ሲጨርስ "ከየትኛው በኩል?" ይላሉ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያጫውቱታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋሉ። ልክ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ ሰው።

እኔ ትዕግሥቱ አልነበረኝም። "ጋሼ፣ ድምፁ ይቀደዳል አለ እኮ፤ እንክፈተው!" እላለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ መክፈት ምን ችግር አለው። ሳይከፍቱ ማወቅ ነው እንጂ።"

የቤት ስቴሪዮ ድምፁ ሲቀደድ የሚታየው እንዲህ ነው። ስቴሪዮ ሁለት መንገድ አለው፤ ግራና ቀኝ። ድምፁ ከካሴቱ ይነሣል፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል፣ ጉልበት ያገኝና ወደ ሁለቱ ስፒከሮች ይወጣል። ግራው ተቀደደ እንበል። የሁለቱን ስፒከሮች ሽቦ ታዛውሪያለሽ። አሁንም ያው ሳጥን ከተቀደደ፣ በሽታው ሳጥኑ ውስጥ ነው። መቀደዱ ወደ ሌላው ሳጥን ከተሻገረ ግን ሳጥኑ ንጹሕ ነው፤ በሽታው ከኋላ፣ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከካሴት ማጫወቻው ነው። ያንንም እንደዚሁ ገመዱን እያዛወርሽ ትለያለሽ። ጋሽ መኩሪያ "ጥፋቱ የሚሄድበትን ተከተይ" ይሉኝ ነበር።

ሳጥኑ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩ ፊት ላይ ያለውን ወረቀት በአራት ጣት፣ ዙሪያውን እኩል አድርገሽ ቀስ ብለሽ ትገፊዋለሽ። ጭር ካለ ደህና ነው። ኮሽ ካለ መሃሉ ላይ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን እየነካ ነው። አንኮበር እንደ ሌላው አገር አይደለም፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባና ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ ያኔ ኮሽ ይላል። ሌላው ጠጋኝ ሊቀይረው ይነሣል። እኔ ፀሐይ ላይ አሰጣውና እጠብቃለሁ።

ደነባ ደግሞ አንዲት ሆቴል ያላት ሴት ስቴሪዮዋን ስንት ሰው ከፍቶባት፣ ስንት ሰው ነቅሎ ተክሎባት አገኘኋት። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን አሳረፍኩ፤ ሳጥኑ ሰላም ነው። የሚንጫጫው ከላይ ነው። ለካ ቡፌው ላይ የደረደረቻቸው ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ! ብርጭቆዎቹን አውርጄ "ተሠርቷል" ብላት፣ "ሴትዮ፣ አላገጥሽብኝ እንዴ?" ብላ ልትቆጣ አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋት። ሣቋ መንገድ ድረስ ተሰማ። መዘዞም ስፒከሩን በስታርች ባደረቁት ዳንቴል ሸፍነው "ታፈነ" ያሉኝ ነበሩ። ይኼን ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ሰው ግን ደግ ደጉን ብቻ አይጽፍም።

ጋሽ መኩሪያ ካረፉ በኋላ ለአንድ ካሴት ቤት ባለቤት፣ ለአቶ ደምሴ ሠራሁ። እሱ ጩኸት ይወዳል። "ገበያተኛው ከአውቶቡስ ሳይወርድ ይስማን!" እያለ ትልቁን ስፒከር በሩ ላይ አስቀመጠው። የእኔ መሥሪያ ጠረጴዛ ከስፒከሩ በስተቀኝ ነበር፤ ስለዚህ ዓመት ሙሉ፣ ከዓመትም ዓመት፣ ግራ ጆሮዬ ሥር ይጮሃል። "ኧረ አቶ ደምሴ፣ ትንሽ ቀንስልኝ" ስለው "ሙዚቃ ጠግበሽ ነው!" ይለኛል። ደመወዙ አይከፋም ነበር፤ እሱን እንለፈው። ካሴት ቀርቶ ሱቁ ሲዘጋ ከረጢቴን አንግቤ በየገበያው መዞር ጀመርኩ።

አሁን ወደዚያ ነገር ልግባ። ስሸሸው ቆይቼ ነው።

አምና፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንኮበር ወጣሁ። ወይዘሮ ዘነበች ልካብኝ ነበር። ዘነበች የመሪጌታ ላቀው ባለቤት ናት፤ እሳቸው ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። እኩዮች ስለሆንን አንቺ፣ አንቺ ነው የምንባባለው። መሪጌታ በሕይወት ሳሉ፣ ቤታቸው መደብ ላይ ተቀምጠው የጾሙን ዜማ በአንዲት ካሴት ቀድተው ነበር። ሌላ የለም፤ ያቺው አንዲት ካሴት ናት። ዘነበች በየጾሙ እሷን ትሰማለች። ለሷ ባሏ የቀረው እዚያች ካሴት ውስጥ ነው።

ማጫወቻው ይጎትት ነበር፤ የመሪጌታ ድምፅ እንደ እንቅልፋም ሰው ተንዘላዝሏል። ካሴቱን የሚያዞረው የጎማ ቀለበት፣ ቺንጊያው፣ ላልቶ ነው። ቀየርኩት፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት። ከዚያ ካሴቱን አጫወትኩ። እኔ የተቀመጥኩት ማጫወቻውን በግራዬ አድርጌ ነው። ዜማው ዝቅ ሲል ደህና ነው። ወደ ላይ ሲወጣ፣ ድምፁ ሲረዝም፣ ተቀደደ። ልክ እንደ አሮጌ አቡጀዲ።

የራሴን መፈተኛ ካሴት አስገባሁ፤ በለሆሳስ የሚነበብ ንባብ ነው። ጥርት አለ። የመሪጌታን መለስኩ። ተቀደደ። እንግዲህ ማጫወቻው ንጹሕ ነው፤ በሽታው ከካሴቱ ነው አልኩ።

"ዘነበች፣ እዚህ ጋ፣ ሰማሽ? ይኸውልሽ ተቀደደ።"

አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። "አዎ" አለች።

"ካሴቱ ነው የተበላሸው። ይኼ የሚጠገን አይደለም። አለቀለት።"

እኔም ምን እንደሚሰማት አልጠየቅኋትም። ዕቃዬን ሰብስቤ፣ እንቁላል ቋጥራልኝ፣ ወረድኩ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደብረ ብርሃን አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ጠራኝ። አቶ ሰይፉ ይባላል፤ ከጎጃም መጥቶ የከተመ ነው። የቀኙ ስፒከር ወረቀት ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ስስ ወረቀት በኮላ አልብሼ አደረቅሁት፣ ገጠምኩት። ሁለቱን ሳጥኖች በየቦታቸው አስቀምጬ፣ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጬ ዘፈን ከፈትኩ።

"ተስተካከለ! እጅዎ ይባረክ እማማ!" አለ አቶ ሰይፉ።

"ቀኙ ዳነ። አሁን ግን ግራው ይቀደዳል።"

"ግራው? ግራው እኮ ድሮም ምንም አልሆነም።"

"ይቀደዳል እልሃለሁ!"

ሽቦውን አዛወርኩ። ግራው ይቀደዳል። እሺ፣ ሳጥኑ ነው ማለት ነው ብዬ፣ ሁለቱን ሳጥኖች ተሸክመን ቦታ አቀያየርን። አሁንም በግራ በኩል ያለው ይቀደዳል! ይኸ ደግሞ ቅድም በቀኝ የነበረው፣ ገና አሁን ያዳንኩት ነው። የማጫወቻውን ገመድ አዛወርኩ። ግራው ይቀደዳል። ላብ አጠመቀኝ። ሁሉን አዛውሬው ያልተዛወረ ጥፋት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቱ አስቴር ከጓዳ ብቅ ብላ "እማማ፣ ግድግዳው ይሆን እንዴ የታመመው? ጠበል እናስረጭበት?" አለችና ሳቀች። እኔ ግን የምስቅበት ሆድ አልነበረኝም። ቡፌውን አራቆትኩት። መጋረጃውን ሰበሰብኩ። ያው ነው።

በመጨረሻ "ልጆቼ፣ ይኼ ከአቅሜ በላይ ነው" ልላቸው ወንበሬን ወደ ሶፋው አዞርኩ። ዘፈኑን አልዘጋሁትም። ጀርባዬን ለሳጥኖቹ ሰጥቼ አፌን ስከፍት፣ ሲቀደድ የነበረው ሳጥን ጥርት ብሎ በቀኝ ጆሮዬ መጣ። ደህና የነበረው ደግሞ በግራዬ ተቀደደ።

ወንበሬን መለስኩት፤ መቀደዱ ወደ ፊተኛው ሳጥን ተመለሰ። አዞርኩት፤ ተሻገረ። ጥፋቱ የሚሄደው ከእኔ ጋር ነው። ግራ ጆሮዬን በጣቴ ወተፍኩ።

ቤቱ በሙሉ ጥርት አለ። ሁለቱም ሳጥኖች እንደ ምንጭ ውሃ ጠሩ። ጣቴን አነሣሁ፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ተቀደደ።

"እማማ፣ ምን ሆኑ? አስቴር፣ ውሃ አምጪ! ፊታቸው አመድ መስሏል!"

የሰጡኝን ውሃ ግማሹን ደረቴ ላይ አፈሰስኩት። የታየኝ የአቶ ደምሴ ስፒከር አልነበረም፣ የራሴ ጆሮም አልነበረም። የዘነበች አንገት መድፋት ነው።

"የአንኮበሩ ካሴት!" ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ተያዩ።

በነጋታው ሚኒባስ ተሳፍሬ አንኮበር ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው አለቀለት የተባለ ካሴት ምን ያደርገዋል? ይጥለዋል። ወይ ልጅ ዘፈን ይቀዳበታል።

ዘነበች በረንዳዋ ላይ እህል ትለቅም ነበር። ሰላምታ እንኳ አላደረስኩም።

"ዘነበች፣ ካሴቱ የት አለ?"

"የቱ ካሴት?"

"የመሪጌታ!"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ አለቀለት ያልሽኝ?"

"አላለቀለትም ነበር። ካሴቱ ደህና ነበር። ጆሮዬ ነው የተበላሸው፣ የእኔ ጆሮ!"

ሰፌዱን አስቀመጠች። እኔ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሳጥኖቹ፣ ስለ ጣቴ አንድ ባንድ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ያን ጊዜ ልጠይቃት ይገባ የነበረውን ጠየቅኋት።

"አንቺስ? ያን ዕለት ስትሰሚው ይቀደድ ነበር?"

"አይ፣ አይቀደድም ነበር" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ለእኔ ደህና ነበር።"

"ታዲያ ለምን አዎ አልሽኝ!"

"አንቺ ነሻ ባለሙያዋ! እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ማሽን የማውቀው? 'እዚህ ጋ፣ ሰማሽ?' አልሽኝ፤ አዎ አልኩሽ። ከዚያ ወዲያማ በሰማሁት ቁጥር የተቀደደ ይመስለኝ ጀመር። በሽተኛ የማይ እየመሰለኝ፣ መስማቱ ራሱ አስጠላኝ።"

ከጆሮዬ ይልቅ ይኼ አስደነገጠኝ። የራሴን ጆሮ ብቻ አይደለም ለካ፣ የሷንም አበላሽቼው ነው የሄድኩት።

"ጣልሽው?"

"እንዴት ይጣላል! የዜማ ነገር ነው። ለዕቃ ቤት አስረከብኩት።"

በእኛ አገር ቅዱስ የተባለ ነገር አረጀ ተብሎ አይጣልም። የነተበ ልብሰ ተክህኖ፣ ቅጠሉ የረገፈ መጽሐፍ፣ እጀታው የተሰበረ ጽናጽል፣ ሁሉም ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይሰጣል። ዘነበች ደግሞ የካህን ቤተሰብ ናት፤ የመሪጌታን መቋሚያና ካሴቱን አብራ ሰጠች። ይኼ ልማድ ባይኖር ኖሮ እኔ ዛሬ ይኼን ለመጻፍ ብዕር አላነሣም ነበር።

ቄሰ ገበዙ፣ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ ሽማግሌና ቀልደኛ ናቸው። "ሬዲዮ ጠጋኟ አንቺ ነሽ? የገደልሽውን ልታስነሺ መጣሽ?" አሉኝ። ከአንድ ሳጥን ሥር ከአሮጌ መጐናጸፊያ ጋር የተጠቀለለውን ካሴት አወጡት። ክረምቱን ሙሉ ጉም ሲጠጣ ከርሟል። በካሴቱ መስኮት በኩል አየሁት፤ ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ በቅሏል።

ዘነበች ቤት ተመለስን። በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ፀሐዩ ያለበት ቦታ ተቀመጥኩ። ዘነበች አልኮል ልታመጣልኝ ጤና ጣቢያ ወደምትሠራው ጎረቤቷ ሄደች። አምስቱን ብሎን ፈታሁ። የውስጠኛው ጥቅል ደረቅ ነው፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የላይኛው ዙር ግን እርስ በርሱ ተጣብቋል። አንድ ክንድ የሚሆነውን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። መጀመሪያው ነው፣ ዜማው ገና አልጀመረም ብዬ። ዘነበች ስትመጣ የቀረውን በአልኮል ጠርገን፣ ከእኔ ባዶ ካሴት ቀፎ ውስጥ አስገባነው።

ግራ ጆሮዬን ወትፌ ከፈትኩት። የመሪጌታ ድምፅ ወጣ። ዝቅ አለ፣ ተነሣ፣ ረዘመ፣ ወደ ላይ ወጣ። አልተቀደደም። ፍጹም አልተቀደደም! እንባዬ መጣ። ዘነበችን ዞር ብዬ ሳያት ግን ምሰሶው አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ አልተፈታም።

"ይቀደዳል እንዴ?" አልኳት በድንጋጤ።

"አይቀደድም። መጀመሪያው የታለ?"

"የምን መጀመሪያ?"

"ከዜማው በፊት ያለው። መቅዳት ሲጀምሩ በሩ ክፍት ነበር፤ ነፋስ ይገባ ነበር። 'ዘነቡ፣ በሩን ዝጊው' ይሉኛል። ከዚያ ነው ዜማው የሚጀምረው።"

ማጫወቻውን ዘጋሁት።

"ዜማውማ የቤተ ክርስቲያን ነው፣" አለች ቀስ ብላ፤ "ደቀ መዛሙርታቸውም ይሉታል። እኔን የጠሩበት ያ ብቻ ነው።"

ሳልጠይቃት ቆርጬዋለሁ። ሁለተኛ ጊዜ! በአንድ ቤት፣ በአንዲት ሴት ላይ፣ ያንኑ ጥፋት ሁለተኛ ጊዜ። መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ከመደቡ ሥር የለም። ከምንጣፉ ሥር የለም። "ኧረ ዶሮዋ!" አለች ዘነበች፤ ዶሮዋ ደጃፍ ላይ አንድ ቡናማ ነገር እየጫረች ናት። ሁለት አሮጊቶች ዶሮ አባረርን። ክሩ ነበር።

ከዚያ የሠራሁትን ሥራ ያህል በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ሻጋታውን በጥጥ ጫፍ፣ አውራ ጣት በአውራ ጣት እያልኩ አነሣሁ። አንዳንዱ ቦታ ቡናማው ቀለም አብሮ እየተላጠ ክሩ ብርሃን አሳልፎ ያሳያል፤ እዚያ ላይ ድምፅ የለም፣ አይመለስም። ዘነበችን አጠገቤ አስቀመጥኩና ከዚህ በኋላ ሳልጠይቅ አንድም ነገር አልነካሁም። "ይኼን ልጥረገው? እዚህ ጋ ልቀጥለው?" እላታለሁ። "ጥረጊው። ቀጥዪው" ትለኛለች። በስስ ፕላስተር አጋጠምኩት። ጠቀለልኩት።

"አንቺ ክፈቺው" አልኳት። "እኔ ጆሮዬን አላምነውም።"

ተጫነችው። ሽሽሽ አለ። ዝም አለ። እንደገና ሽሽ አለ፤ ስሟ የነበረበት ቦታ ባዶውን አለፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"...ሩን ዝጊው" አለ መሪጌታ ላቀው።

ዘነበች ብድግ አለች። ነጠላዋን እየሰበሰበች ሄዳ፣ ፀሐይ የሚገባበትን በር፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።